ራዳሩ መሬቱን አያይም

በሰሜን ዳኮታ ሜዳ ላይ በመኪና ቶርኔዶ የሚያሳድዱ ሰዎች ቪዲዮ ሰሞኑን በየቻናሉ እየዞረ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «እብዶች! በሳተላይትና በራዳር ዘመን ይሄ ምን ይሠራል?» ስለ እብደቱ አልከራከርም፤ አንዳንዶቹ የለየላቸው ናቸው። «ራዳሩ ሁሉን ያያል» የሚለው ግን ውሸት ነው፤ ያውም ሰው የሚያስገድል ውሸት። በአየር ጠባይ ሙያ ለሚተዳደር ሰው ይሄንን አይቶ ማለፍ ከባድ ነው። በቁጥር አስቀምጬ ልመልስ።

1. ራዳር የሚያየው ሰማዩን ነው። ጨረሩ ሲላክ ከአግድም ግማሽ ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ነው፤ ምድር ደግሞ ክብ ናት። ስለዚህ በራቀ ቁጥር ከመሬት ይለያል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ የጨረሩ መሀል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል፤ 160 ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በታች የሚሆነውን የሚነግረን የለም። ሱፐርሴል የሚባለው ግዙፍ ደመና ላይኛው ክፍሉ ሲሽከረከር ራዳሩ በደንብ ያሳያል፤ ሽክርክሪቱ መሬት ይንካ አይንካ ግን ዝም ነው። ባርኔጣውን እንጂ ጫማውን አያይም። ሰሜኑ ሜዳ ላይ ችግሩ ይብሳል። ከ180,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሰሜን ዳኮታ በውስጡ ያሉት የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ መረብ ራዳሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ቢስማርክ፣ ማይኖትና ሜይቪል። እንደ ፈረንጆቹ ጁን 20 ቀን 2025 ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ኤንደርሊን አጠገብ ሦስት ሰዎችን የገደለው ቶርኔዶ ከሜይቪሉ ራዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ከላይ ያለውን ሂሳብ እዚህ ላይ አስቡት። ይሄ ተራ ቶርኔዶ እንዳይመስላችሁ። ባዶ የባቡር ታንከር አንስቶ 145 ሜትር ያህል ወርውሯል። በቶርኔዶ ጥንካሬ መለኪያው በመጀመሪያ EF3 ተባለ፤ ጉዳቱ በዝርዝር ከተጠና በኋላ ኦክቶበር ላይ ወደ መጨረሻው ደረጃ፣ ወደ EF5፣ ከፍ ተደረገ፤ ከ2013ቱ የሙር፣ ኦክላሆማ ቶርኔዶ ወዲህ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ደረጃውን የወሰነው መሬት ላይ የተገኘው ማስረጃ ነው፤ ራዳር ብቻውን ያንን ቁጥር አይሰጥም።

«አዲሶቹ ራዳሮች እኮ የሚበተነውን ፍርስራሽ ያያሉ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ከ2013 ወዲህ የአሜሪካ መረብ ይሄ ችሎታ አለው። ግን ፍርስራሹ የማን ነው? የሆነ ሰው ጣሪያ ነው። ራዳሩ ፍርስራሽ ሲያይ ቶርኔዶው የመጀመሪያውን ቤት በልቷል ማለት ነው። በሰፊ የእርሻ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚሰባበር ነገር ስለሌለ ምልክቱ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል።

2. ባለሙያው ራዳሩን ማንበብ የተማረው መሬት ላይ ከነበሩ ሰዎች ነው። ይሄን የሚያነሳ ሰው አላየሁም። የማሳደድ ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ሰሜን ላይ ነው፤ ዴቪድ ሆድሊ በ1956 ቢስማርክ ውስጥ ሲጀምር ዩቲዩብ አልነበረም። በዓመቱ፣ ከኤንደርሊን 70 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ፋርጎ በቶርኔዶ ተመታች። (ቀኑም ጁን 20 ነበር፤ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ሌላ ትርጉም አትፈልጉለት።) የቶርኔዶ ተመራማሪው ቴድ ፉጂታ ነዋሪዎች ያነሷቸውን ፎቶዎችና ፊልሞች ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ከየት ቆሞ እንደተነሳ ለክቶ፣ የቶርኔዶን አወላለድ ደረጃ በደረጃ ያስቀመጠው ከዚያ ነው። ዛሬ ለስፖተሮች (ማዕበል አይተው ሪፖርት ለሚያደርጉ በጎ ፈቃደኞች) «ከዋናው ደመና ሥር ዝቅ ብሎ የሚሽከረከረውን ክፍል ተመልከቱ» ብለን የምናስተምረው ከፋርጎ ነዋሪዎች ካሜራ የተገኘ ዕውቀት ነው። በ1973 ዩኒየን ሲቲ፣ ኦክላሆማ ላይ አሳዳጆች ቶርኔዶውን ከልደቱ እስከ ሞቱ ቀረጹት፤ ፊልሙ ከዶፕለር ራዳሩ መረጃ ጋር ሲተያይ የቶርኔዶ ምልክት በራዳር ላይ ምን እንደሚመስል ታወቀ። ፊልሙ ባይኖር ያ ምልክት ትርጉም የሌለው ቀለም ሆኖ ይቀር ነበር። በ2003 ደግሞ ማንቸስተር፣ ደቡብ ዳኮታ ላይ አሳዳጁ ቲም ሳማራስ መንገድ ዳር ያስቀመጠው መሣሪያ ቶርኔዶው ሲያልፍበት 100 ሚሊባር የግፊት መውደቅ መዘገበ። መንደሩ ጠፋ፤ ቁጥሩ ቀረ። ከሳተላይት ይሄ አይለካም።

ሦስተኛ ልል ነበር፤ ግን የሁለተኛው ተከታይ ስለሆነ ቁጥሩን እንተወው። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ውስጥ ምንጩን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ፤ ወይ «በራዳር የተጠቆመ» ይላል፣ ወይ «የታየ»። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ከሚወጡት የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያዎች አብዛኞቹ፣ ከአሥር ሰባቱ ገደማ፣ ቶርኔዶ ሳይታይባቸው ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ይሄን ስለለመደ ሳይረን ሲሰማ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማይ ያያል። «የታየ» የሚለው ቃል ሲገባ ግን ሰው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ያን ቃል የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥልጠና የወሰደ ሰው ደውሎ «እዚህ ቦታ ነኝ፣ ወደ ምሥራቅ እያየሁ ነው፣ መሬት ነክቷል» ሲል ነው። በረዶም እንዲሁ ነው። በ2010 ቪቪያን፣ ደቡብ ዳኮታ ላይ የወረደው 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ 880 ግራም ክብደት ያለው በረዶ የአሜሪካ ክብረ ወሰን የሆነው አንድ ነዋሪ አንስቶ ፍሪጅ ውስጥ ስለከተተው ነው። ራዳሩ «ትልቅ በረዶ ሊኖር ይችላል» ከማለት አያልፍም።

አሁን ጠንካራው ተቃውሞ፦ ይሞታሉ፣ መንገድ ይዘጋሉ። እውነት ነው። ያው ቲም ሳማራስ በሜይ 31 ቀን 2013 ኤል ሬኖ፣ ኦክላሆማ ላይ ከልጁ ከፖልና ከባልደረባው ከካርል ያንግ ጋር ሞቷል፤ እሱን የሚያህል ጠንቃቃ ሰው አልነበረም ይባልለታል። ቶርኔዶው 4.2 ኪሎ ሜትር ስፋት ነበረው፤ መንገዱ ላይም የአሳዳጆች መኪና ከሚሸሹ ነዋሪዎች መኪና ጋር ተደበላልቆ ነበር። ከዚያም ወዲህ አሳዳጆችን የገደለው በብዛት የመኪና አደጋ ነው። ይሄ ግን የሚያስረዳው መንገዱን ማን ይጠቀምበት የሚለውን ነው፤ ዓይን አያስፈልግም የሚለውን አያስረዳም። እኔ መለኪያዬ አንድ ነው፦ ሪፖርት አድርጓል ወይ? አድርጎ ከሆነ፣ ለዩቲዩብም ይሁን ለጀብዱ፣ ገበሬውን ጠቅሟል። ካሜራውን ወደ ራሱ ፊት አዙሮ «ኦ ማይ ጋድ» ሲል ቆይቶ ስልክ ያልደወለ ሰው ግን የመንገድ መጨናነቅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የመንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶችም ብቻቸውን አያድኑም። በማርች 2025 ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎቱ ሠራተኛ ስላጠረው በራፒድ ሲቲና በኦማሃ የአየር ፊኛ መልቀቅ አቆመ፤ አበርዲን ላይ በቀን ሁለት የነበረው ወደ አንድ ወረደ። ልብ በሉ፣ የቶርኔዶ ወቅት ሊገባ ሲል፣ ያውም ራዳር በተራራቀበት ሜዳ! ፊኛው የሙቀቱን፣ የእርጥበቱንና የነፋሱን አቋም ከመሬት እስከ ላይ የሚለካ ነው፤ የዕለቱ ትንበያ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ሰው ቀንሰህ፣ ፊኛ ቀንሰህ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ያለውን በጎ ፈቃደኛ «እብድ» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ይሄ ሁሉ እኛንም ይመለከታል፤ የእኛ ሰው በሱ ፎልስ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በፋርጎ ይኖራል፤ ኢንተርስቴት 29ና 94 ላይ ትራክ የሚነዳም አለ። ለእሱ የሚደርሰው ቪዲዮ ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ሰዎች ድልድይ ሥር ተጠልለው ሲተርፉ የሚያሳየው። ያ ፊልም በ1991 ካንሳስ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ቶርኔዶው ደካማ ነበር፣ ድልድዩንም በቀጥታ አልመታውም። ፊልሙ ግን ያለ ማብራሪያ ዓለምን ዞረ። በሜይ 3 ቀን 1999 ኦክላሆማ ውስጥ ድልድይ ሥር ከተጠለሉት ሦስት ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ ሥር ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ በወጣችሁ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፤ ክፍተቱም ፍርስራሽ የሚተኮስበት ነው። ወንድሞቼ፣ ማስጠንቀቂያ ስትሰሙ በቅርብ ባለው መውጫ ውጡና ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ፣ ከመስኮት ርቃችሁ፣ ታችኛው ወለል ላይ ሁኑ። ማታ እያንጫረረ አስቸገረኝ ብላችሁ የስልካችሁን የአደጋ ጊዜ መልእክት አትዝጉ፤ የኤንደርሊኑ የመጣው ማታ ነው።