የጆሮ ጌጡ እንዴት ብጣሽ ወረቀት ሆነ

በሮበርት ብሎክ ልቦለድ «ሳይኮ» ውስጥ የጠፋች እህቷን ፍለጋ የመጣችው ሊላ ከሞቴሉ መታጠቢያ ክፍል የምታገኘው የጆሮ ጌጥ ነው። ገዳዩ ወለሉን ወልውሎ፣ ደሙን አጥቦ፣ ሬሳውን ከነመኪናው ረግረግ ውስጥ ካሰመጠ በኋላ ከዓይኑ ያመለጠች አንዲት ጌጥ። መጽሐፉ የታተመው በ1959 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አልፍሬድ ሂችኮክ በዓመቱ ወደ ፊልም ሲመልሰው ጌጧን አወጣና በምትኳ ብጣሽ ወረቀት አስገባ። በፊልሙ ላይ ሊላ ፍንጩን የምታነሳው ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ውስጥ ነው።

ለውጡ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል። ነገር ግን የጆሮ ጌጥ የሚናገረው ሴትዮዋ እዚህ እንደነበረች ብቻ ሲሆን ወረቀቱ የራሱ ታሪክ አለው። የሊላ እህት ማሪዮን 40,000 ዶላር ሰርቃ ስትሸሽ ዝናብ ያስገድዳትና ሞቴሉ ታድራለች። ከባለሞቴሉ ከኖርማን ጋር ስታወጋ ከቆየች በኋላ ልቧ ይመለሳል። ገንዘቡን ለመመለስ ቆርጣ ትቀመጥና ለመኪና ያወጣችውን 700 ዶላር ከ40,000ው ላይ ትቀንሳለች። ከዚያም ወረቀቱን ቦጫጭቃ ሽንት ቤት ትጥለዋለች፤ ውሃ ትለቅበታለች። ሻወር የምትገባው ከዚህ ቀጥላ ነው። ተመልካቹ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቷል፤ የሻወሩ ግድያ ድንጋጤ ግን ወረቀቱን ከአእምሮው ጠርጎ ያወጣዋል። በኋላ ሊላ ቁራጩን ስታገኝ የሚገባት ከ40,000 ላይ የተነካ ሒሳብ መኖሩ ነው። ተመልካቹ የሟቿን ጸጸት ጭምር ያነብበታል።

በዚያ ዘመን የሆሊውድ ፊልም የሽንት ቤት መቀመጫ ማሳየት አይደፍርም ነበር። ነገሩን አጥብቆ የፈለገው የስክሪፕቱ ጸሐፊ ጆሴፍ ስቴፋኖ ነው፤ ብጣሹ ወረቀት ትዕይንቱን ከታሪኩ ሊነጠል የማይችል አደረገለት።

ዕቃን በመደበቅ ረገድ መጽሐፍና ፊልም መንገዳቸው ለየቅል ነው። ደራሲ አንድን ዕቃ በስሙ ከጠራው ጣቱን ቀስሮበታል፤ ንቁ አንባቢም «ይህ ጓንት አሁን ለምን ተነሳ?» ማለቱ አይቀርም። ካሜራ ግን ክፍሉን ከነኮተቱ ያሳያል፦ መጋረጃው፣ ሲኒው፣ የሲጋራ መተርኮሻው፣ የቆየው መጽሔት። ከእነዚህ አንዱ ነገ ገዳይ እንደሚያጋልጥ ማን ይጠረጥራል? የፊልም ሰዎች ፕሮፕስ የሚሏቸው እነዚህ ትናንሽ ዕቃዎች ፍንጭነታቸው የሚሠምረው አስቀድመው ሌላ የዕለት ሥራ ሲኖራቸው ነው። ሥራ ፈትተው የተቀመጡ እንደሆነ ወዲያው ይነቃባቸዋል። (ፊልሞቹን ያላየ አንባቢ ይቅርታ ያድርግ፤ ከዚህ በታች ምስጢር ይወጣል።)

ለዚህ ከ«ሮዝመሪስ ቤቢ» የበለጠ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። የአይራ ሌቪን ልቦለድ በ1967፣ የሮማን ፖላንስኪ ፊልም በ1968 ወጡ። ሮዝመሪና ተዋናይ ባሏ ጋይ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ አፓርታማ ይከራያሉ። ጎረቤቶቻቸው ሽማግሌው ሮማን ካስተቬትና ሚስቱ ሚኒ ደግነታቸው ልክ የለውም። ፖላንስኪ መጽሐፉን የተከተለው እግር በእግር ነው። ሌቪን ከጊዜ በኋላ እንደተናገረው፣ ጋይ በ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ያየው ሸሚዝ በየትኛው እትም እንደወጣ ዳይሬክተሩ ደውሎ ጠይቆት ነበር። ደራሲው ከራሱ የፈጠረው መሆኑን ከማመን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

የፊልሙን ሸክም በዋናነት የተሸከመው የብር ሐብል ነው። መጀመሪያ የምናየው ቴሪ የምትባል ወጣት አንገት ላይ ነው። ሮዝመሪ ምድር ቤት ካለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ታገኛትና ሲጨዋወቱ፣ ቴሪ ካስተቬቶች የሰጧትን ጌጥ ታሳያታለች። ክታብ ብጤ ነው፤ በወንፊት መሳዩ የብር ድቡልቡል ውስጥ ታኒስ የሚባል የሚከረፋ ሥር ታጭቆበታል። ሥሩ የትም አይበቅልም፤ የሌቪን ፈጠራ ነው። ብዙም ሳይቆይ ቴሪ ከመስኮት ወድቃ ትሞታለች፤ ከዚያ ሚኒ ያንኑ ሐብል በስጦታ ወረቀት ጠቅልላ ለሮዝመሪ ታመጣላታለች።

እዚህ ላይ ፊልም መጽሐፍ የማያውቀው ችግር ይገጥመዋል፤ ሽታ አይቀረጽም። ፖላንስኪ መፍትሔውን ያገኘው ከሰዎች አንደበትና ፊት ነው። ሚያ ፋሮው ድቡልቡሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን ስታጨማድድ ተመልካቹ አብሯት ይሸታል። ቆይቶ ሮዝመሪ ሐብሉን ጥላ፣ ሽቶ ተቀብታ ወደ ሐኪሟ ወደ ዶክተር ሳፐርስታይን ትሄዳለች። እንግዳ ተቀባይዋ ከወትሮው ሽታ የዛሬው እንደሚሻል እንደ ዋዛ ትነግራትና፣ ዶክተሩም አልፎ አልፎ ያንኑ እንደሚሸቱ ጣል ታደርጋለች። ነፍሰ ጡሯ ሕይወቷን የሰጠችው ሐኪም ከማን ጋር እንደወገነ የተገለጠው በእንግዳ ተቀባይ ወሬ ነው። በዚያው ክፍል ሮዝመሪ የምታገላብጠው መጽሔት በሚያዝያ 1966 የወጣው እውነተኛው «ታይም» ነው፤ ሽፋኑ ላይ እግዚአብሔር ሞቷል ወይ የሚል ጥያቄ ሠፍሯል። የኋለኛው፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ትንሽ ይጮኻል።

ሌሎቹ ዕቃዎች ዝም ያሉ ናቸው። የሮዝመሪ ወዳጅ ሐች ሊጠይቃት መጥቶ ሲወጣ አንድ ጓንቱን ያጣዋል፤ ይፈልጋል፣ ይተወዋል፣ ይሄዳል። ቀጥሎ የምንሰማው ራሱን ስቶ መውደቁን ነው። ጋይን በልጦ የቲያትር ሚና ያገኘው ተዋናይም ድንገት ዓይኑ ይጠፋል፤ ከዚያ ቀደም ጋይ ክራቫት እንደተለዋወጠው ሮዝመሪ የምታውቀው እጅግ ዘግይታ በስልክ ነው። ከሰው ላይ በተወሰደ ዕቃ መተት እንደሚሠራ እየሰማ ላደገ የኢትዮጵያ ተመልካች ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ጓንቱ ሲጠፋ ብንን የሚል ካለ እሱ ነው።

ሐች ሳይሞት ለሮዝመሪ ስለ ጠንቋዮች የሚያወራ መጽሐፍ እንዲደርሳት ያደርጋል፤ ከአንድ ስም ፊደላት ሌላ ስም እንደሚወጣም መልእክት ይልክባታል። ሮዝመሪ የስክራብል ጨዋታዋን ወለል ላይ ትዘረግፍና መጀመሪያ የመጽሐፉን ርዕስ ትሞክራለች። ትርጉም የለሽ ቃላት ይወጣሉ። ከዚያ በመጽሐፉ ውስጥ የተሠመረበትን ስቲቨን ማርካቶ የሚል የጠንቋይ ልጅ ስም ትደረድራለች፤ በእንግሊዝኛ 13 ፊደል ነው። ጣቶቿ ጠፍጣፋዎቹን ፊደላት አንድ በአንድ ሲያንሸራትቱ የጎረቤቷ ስም ሮማን ካስተቬት ይወጣል። አንባቢ መልሱን በአንድ መስመር አንብቦ ያልፈዋል፤ ተመልካቹ ግን ገና ሦስትና አራት ፊደል ሲቀር ይገባውና እሷ እስክትደርስበት ይጨነቃል። መጽሐፉ ሊሰጥ የማይችለው ጭንቀት ይህ ነው።

የፊልምን ፍጥነት ለማየት ከሆነ «ዘ ሳይለንስ ኦቭ ዘ ላምብስ» ይጠቀስ። የቶማስ ሃሪስ ልቦለድ እስረኛው ሌክተር የካቴና ቁልፍ እንዴት እንዳበጀ በቃላት ያስረዳል። ጆናታን ዴሚ በ1991 ፊልሙ ይህን ሁሉ ለአንድ እስክሪብቶ አስረከበው። የሆስፒታሉ ኃላፊ እስክሪብቶውን የእስረኛው አልጋ ላይ ረስቶ ይሄዳል፤ በኋላ ፖሊሶች ፊት ለመፈረም ኪሱን ይደባብሳል። ያኔ ተመልካቹ በሰውየው ሞኝነት ፈገግ ይላል እንጂ ሌላ አያስብም። ሌክተር ከአፉ ትንሽ ብረት ሲያወጣ ፈገግታው ይደርቃል።

ዕቃው ከነምስጢሩ የሚቀርበት ጊዜም አለ። በስቲቨን ኪንግ «ዘ ሻይኒንግ» (1977) የሆቴል ጠባቂው ጃክ ከሆቴሉ ምድር ቤት የጋዜጣ ቁራጮች የተለጠፉበት ደብተር ያገኛል፤ የሆቴሉን ነውር የሚያነብበት፣ በአባዜው የሚያዘው ከዚያ ነው። በስታንሊ ኩብሪክ ፊልም (1980) ደብተሩ ከታይፕራይተሩ አጠገብ ተገልጦ ይታያል፤ ማንም አያነሳው፣ ማንም ስለ እሱ አይናገር። መጽሐፉን ያነበበ ያውቀዋል፤ ያላነበበ የቢሮ ዕቃ ነው ብሎ ያልፈዋል። ፊልሙ ጃክን በ1921 ፎቶግራፍ ውስጥ አሳይቶ ሲያበቃ ተመልካቹ ግራ የሚጋባበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስላል። የኩብሪክ ድፍረት ይደነቃል፤ ደብተሩ ግን ባክኗል።

የጃፓኑ «ሪንግ» ከዚህ በተቃራኒ ሁሉን ነገር በአንድ ዕቃ ላይ ጥሏል። የኮጂ ሱዙኪ ልቦለድ በ1991፣ የሂዴዮ ናካታ ፊልም በ1998 ወጡ። አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ያየው ሰው በሰባት ቀን ይሞታል። ጋዜጠኛዋ ሬይኮ ካሴቱን ካየች በኋላ የቀድሞ ባሏ ሪዩጂ እንዲመረምረው አንድ ግልባጭ ታደርግለታለች። ይህ የሥራ ጉዳይ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ሁለቱ ከካሴቱ ጀርባ ያለችውን የሙት መንፈስ አጽም ከጉድጓድ ያወጣሉ፤ ሰባተኛው ቀን ለሬይኮ በሰላም ያልፋል፤ ተመልካቹም ተፈታ ብሎ ይተነፍሳል። በማግስቱ ሪዩጂ ይሞታል። እሷን ያዳናት ያ ግልባጭ ነበር፤ ገልብጦ ለሌላ ያሳየ ይተርፋል። ሁለት ዴክ በገመድ አገናኝቶ የተከራየውን ካሴት ሌሊቱን ሲገለብጥ ላደረ የአዲስ አበባ የቪዲዮ ቤት ደንበኛ ይህ መጨረሻ ለብቻው ያስቃል።

በ2017 የወጣው «ሪንግስ» የተሰኘ የአሜሪካ ተከታይ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ፋይል ወሰደው። ዘመኑ ስለሚያስገድድ አይፈረድበትም። ችግሩ ፋይል መገልበጥ በአንድ ጠቅታ የሚያልቅ መሆኑ ነው፦ ካሴት የሚይዝ እጅ የለም፣ ቦርሳ ውስጥ የሚረሳ ነገር የለም፣ ናካታ ግልባጩን የደበቀበት የሥራ ውጣ ውረድም የለም። ተመልካቹ ሊያየው የሚችለው ፍንጭ ማያ ገጽ ላይ የሚሞላ መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ።