ለመስክና ለአስፋልት የሚሆን ጎማ አመራረጥ፦ በነፋስ የሚስተካከለውና የማይስተካከለው

የመስክ ጥናት በሚያካሂዱ የትምህርት ክፍሎች የመኪና ጎማ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ለግዥ ክፍልና ለሾፌሩ የሚተው ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ምርጫው የተመራማሪዎችን ሕይወት፣ የናሙናዎችን ደኅንነትና የምርምር በጀትን በቀጥታ ይነካል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ የአፈር ጥናት ቡድን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይነዳል፤ በዋልካ አፈር ላይ የሚነዳው ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ያረጀ ጎማ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ ግን ውሳኔውን የሚመራው የረጅሙ መንገድ ርዝመት ሳይሆን መኪናው ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረበት ዕለት ትዝታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ውሳኔውን በሌላ መነሻ ላይ ማቆም ነው። መነሻውም አንድ ጥያቄ ነው፦ ጎማው ከተገዛ በኋላ በጉዞ ላይ ሊስተካከል የሚችለው ባሕርይ የትኛው ነው? ሊስተካከል የማይችለውስ?

የጥርስ ዓይነቶች

ለመስክ መኪና የሚቀርቡ ጎማዎች እንደ ጥርሳቸው ቅርጽ በሦስት ይከፈላሉ። «ኤች.ቲ.» የሚባለው የአውራ ጎዳና ጎማ ጥርሱ የተቀራረበ፣ ቦዩም ጠባብ ነው። «ኤም.ቲ.» የሚባለው የጭቃ ጎማ ትላልቅና የተራራቁ ጥርሶች አሉት። «ኤ.ቲ.» የሚባለው ሁለገብ ጎማ በሁለቱ መካከል ይገኛል።

የጭቃ ጎማ ጥቅም እውነተኛ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ሲረጥብ ጠባቡን ቦይ ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ያደርገዋል፤ ሰፊ ቦይ ያለው ጎማ ግን ሲሽከረከር ጭቃውን አሽቀንጥሮ ስለሚጥል ጥርሱ እንደገና መሬት ይነክሳል። ሆኖም ጭቃውን የሚያስወግደው ይኸው ባዶ ቦታ በአስፋልት ላይ መንገዱን የሚነካውን የጎማ መጠን ይቀንሳል። ረጃጅሞቹ ጥርሶች ፍሬን ሲያዝና መኪናው ሲታጠፍ ይተጣጠፋሉ፤ በዚህም ጎማው ይሞቃል፣ ድምፁ ይጨምራል፣ ጥርሱም ወጥ ባልሆነ መንገድ ይበላል። የነዳጅ ፍጆታም ከፍ ይላል።

በነፋስ የሚስተካከለው

ለስላሳ መሬት ላይ የመያዝ ኃይል ከጥርስ ቅርጽ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ጎማው መሬቱን የሚነካበት ስፋትም ወሳኝ ነው፤ ይህ ስፋት ደግሞ በነፋስ ግፊት ይለወጣል። በቀላል ስሌት 900 ኪሎ ግራም የተሸከመ አንድ ጎማ በ35 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት መሬቱን የሚነካው በ366 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግፊቱ ወደ 20 ሲወርድ ስፋቱ ወደ 640 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የጎማው ጎን ራሱ የጭነቱን ከፊል ስለሚሸከም እውነተኛው ልዩነት ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። መኪናው በአሸዋና በጭቃ ላይ ሳይሰምጥ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ግፊት የቀነሰ ጎማ ጭነት የመሸከም አቅሙም አብሮ ስለሚቀንስ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል። ሹል ድንጋይ በሚበዛበት ሥፍራም የጎማው ጎን ወደ ውጭ ተለጥጦ ለመቀደድ ስለሚጋለጥ ግፊት መቀነስ አይመከርም። ዋናው ቁም ነገር ግን ማስተካከያው የሚቀለበስ መሆኑ ነው፤ አንድ አነስተኛ ኮምፕሬሰርና አስተማማኝ የነፋስ መለኪያ የያዘ ቡድን ወደ አስፋልት ከመውጣቱ በፊት ጎማውን ወደ ቀድሞ ግፊቱ ይመልሰዋል።

በነፋስ የማይስተካከለው

በእርጥብ አስፋልት ላይ ሁኔታው ሌላ ነው። ውኃ ከጎማው ሥር ተጨምቆ ለመውጣት ጊዜ ሲያጣ ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያች ቅጽበት መሪውም ሆነ ፍሬኑ አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በናሳ የተደረጉ ጥናቶች የውኃው ጥልቀት ከጎማው ቦይ ሲበልጥ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከነፋሱ ግፊት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። በዚያ ቀመር መሠረት በ35 ፒ.ኤስ.አይ. ግፊት ፍጥነቱ 98 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ነው፤ በ20 ግን ወደ 75 ዝቅ ይላል። ጭቃውን ተሻግሮ ነፋስ ሳይሞላ አስፋልት ላይ የወጣ ቡድን በተለመደ የጉዞ ፍጥነት አደጋ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ቦዩ በቂ ጥልቀት ካለው ውኃውን ያስወግዳል። ብዙ አገሮች ዝቅተኛውን የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብለው ቢደነግጉም በእርጥብ መንገድ ላይ የፍሬን አቅም መዳከም የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ለመስክ ጉዞ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ጠቃሚ የሚሆነው ስለዚህ ነው። የጎማው ውሕድና በጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆችም ለእርጥብ አስፋልት ወሳኝ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በፋብሪካ የተወሰኑ ስለሆኑ ሾፌሩ በመንገድ ላይ ሊለውጣቸው አይችልም።

የጎማው አካልና ጭነቱ

ሁለተኛው የማይስተካከል ባሕርይ የጎማው አካል ጥንካሬ ነው። መጠናቸው 265/70 አር 16 የሆኑ ሁለት ጎማዎች በእጅጉ ሊለያዩ ይችላሉ። ለቀላል መኪና የተሠራው የጭነት መለያ ቁጥሩ 112 ሲሆን፣ ይህም 1,120 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራውና «ኤል.ቲ.» የሚል ምልክት ያለው ባለ 10 ፕላይ ጎማ ግን 121 ቁጥር ይይዛል፤ አቅሙም 1,450 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያን ያሳያል፤ «ኪው» 160፣ «ኤስ» 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

የነዳጅ በርሜል፣ ውኃ፣ መሣሪያና ናሙና የጫነ መኪና በኋላ ጎማዎቹ ላይ ከባድ ሸክም ስለሚያሳርፍ የ«ኤል.ቲ.» ጎማ ይመረጣል። በአፋር የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ለሚሠራ ቡድንም የጎኑ ጥንካሬ ከጥርሱ ቅርጽ ይበልጥ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ይህ ጎማ ተመሳሳይ ጭነት ለመሸከም ከቀላሉ ጎማ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። የጎማውን ዓይነት ቀይሮ በቀድሞው ግፊት መቀጠል የተለመደ ስሕተት ሲሆን፣ ውጤቱም የጎማው ከመጠን በላይ መሞቅ ነው።

ትልቅ ጎማ ምን ያህል ይጠቅማል?

መኪናውን ከመሬት ከፍ ለማድረግ ትልቅ ጎማ መግጠም የተዘወተረ ነው። ከ265/70 አር 16 ወደ 265/75 አር 16 ሲኬድ የጎማው ቁመት ከ777 ወደ 804 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከመሬት የሚገኘው ከፍታ የዚህ ግማሽ ስለሆነ ትርፉ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንጻሩ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ከ103 ያልፋል። ጎማው ሲተልቅ ሞተሩም ሆነ ፍሬኑ የበለጠ ኃይል ይጠየቃል፤ ይህም እንደ ዓባይ በረሃ ባለ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚያወርድ ቁልቁለት ላይ ሊናቅ አይገባም። ስለዚህ በአምራቹ የተፈቀደውን መጠን መያዝ የተሻለ ነው።

ከፍታ፣ ሙቀትና ዕድሜ

የነፋስ ግፊት በሥፍራው ከፍታና ሙቀት ይለወጣል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አዲስ አበባ፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የተሞላ ጎማ ከባሕር ጠለል በታች ወደሆነው የዳናክል ዝቅታ ቢወርድና ሙቀቱ ባይለወጥ መለኪያው 31 ገደማ ያሳይ ነበር። አየሩ 40 ዲግሪ ከሆነ ግን የሙቀቱ ጭማሪ የከፍታውን ቅናሽ ያካክሰዋል፤ ንባቡም ወደ 35 ይመለሳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግፊትን በግምት ሳይሆን በየማለዳው፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በሥራው ሥፍራ መለካት እንደሚገባ ነው። በጉዞ የሞቀ ጎማ ከፍ ያለ ግፊት ማሳየቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ነፋሱን ማስተንፈስ አያስፈልግም።

በግዥ ወቅት የተመረተበት ጊዜም መረጋገጥ አለበት። በጎማው ጎን ከተጻፉት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ፤ 2423 ማለት የ2023 24ኛ ሳምንት ነው። ጎማ ባይነዳም ላስቲኩ በኦክሲጅንና በፀሐይ ይደርቃል። አራቱ ጎማዎች በመጠንና በጥርስ ጥልቀት መመሳሰል ይኖርባቸዋል፤ ካልሆነ በአራቱም ጎማ በሚነዳበት ጊዜ የኃይል ማስተላለፊያው ይጎዳል። ስኮርት ጎማውም ከእነሱ የተለየ መሆን የለበትም። ሁለት ጎማ ብቻ የሚገዛ ከሆነ አዲሶቹ ከኋላ ይገጠማሉ፤ የኋላው ሲያዳልጥ መኪናውን መልሶ መቆጣጠር ከፊተኛው ይልቅ አስቸጋሪ ነውና።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው የምርጫውን ቅደም ተከተል ያመለክታል። በመጀመሪያ ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠን ጠንካራ አካል፣ ቀጥሎ በአምራቹ የተፈቀደ መጠን፣ በመጨረሻም በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚታመን ጥርስ ይፈለጋል። አብዛኛውን መንገዱን በአስፋልትና በኮረኮንች ለሚጓዝ የመስክ መኪና ይህን የሚያሟላው የ«ኤል.ቲ.» አካል ያለው ሁለገብ ጎማ ነው። ክረምቱን ሙሉ በዋልካ ምድር ለሚሠማራና አስፋልት ለማይዘወትር መኪና ግን የጭቃ ጎማ ተገቢ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የኮምፕሬሰሩና የነፋስ መለኪያው ዋጋ ከጎማው ጋር በአንድ የግዥ ጥያቄ ውስጥ መካተት ይኖርበታል፤ በጭቃው የጎደለውን የመያዝ ኃይል የሚሞሉትና በአስፋልቱ ላይ ደኅንነትን የሚመልሱት እነዚሁ ሁለቱ ናቸውና።