ሦስት ሚሊ ሜትር የሚወስነው የመጋዘን ደኅንነት

በትልልቅ መጋዘኖች ዕቃ እስከ ጣሪያ የሚደረደርበት የብረት መደርደሪያ ከሩቅ ሲያዩት ግዙፍ ነው፤ ቀርበው ሲዳስሱት ግን ቀጭን ነው። ቋሚዎቹ በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ታጥፈው የሚሠሩ፣ ፊታቸው ከላይ እስከ ታች የተበሳሳ ነው። አግዳሚዎቹ ጫፋቸው ላይ ባለው ጥርስ እነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብተው ይንጠለጠላሉ። አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ የሚቆሙ ሁለት ቋሚዎች በሰያፍ ብረቶች ተያይዘው ፍሬም ይሆናሉ፤ እግራቸው ሥር ያለው ፕሌት ደግሞ በቡሎን ከኮንክሪቱ ጋር ይታሰራል። መደርደሪያው በሙሉ ይኸው ነው።

የሚሸከመው ግን ጥቂት አይደለም። በሁለት ፍሬሞች መካከል ያለ አንድ ክፍል አራት ደረጃ አግዳሚ ቢኖረው፣ በየደረጃውም አንድ አንድ ቶን የሚመዝኑ ሁለት ፓሌቶች ቢቀመጡበት፣ ክፍሉ ብቻውን 8 ቶን ይይዛል። መሐል ላይ የሚገኝ ፍሬም ከግራውም ከቀኙም ክፍል ግማሽ ግማሹን ስለሚቀበል እሱም ላይ 8 ቶን ያርፋል። ይህ ለሁለቱ ቋሚዎች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 40 ኩንታል ይደርሳቸዋል።

ላሜራው ይህን ሁሉ የሚችለው ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ ብቻ ነው። ቀጥ ያለ ሸንበቆ ከአናቱ ሲጫኑት ይችላል፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ከጎበጠ ግን ያው ክብደት ይሰብረዋል። ቋሚውም እንደዚሁ ነው። አንዴ ከተመታና ከጎበጠ ከላይ የሚመጣው ጭነት ጉብጠቱን ይገፋዋል፣ ጉብጠቱ ሲጨምር ግፊቱም ይብሳል፣ ከልኩ ሲያልፍ ቋሚው በቅጽበት ይታጠፋል። አግዳሚዎቹ ከጎረቤት ፍሬም ጋር አያይዘውት ስለሚቆዩም አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይስባል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 በብራዚል ሳኦ ሉዊስ ከተማ በአንድ የጅምላ መደብር ውስጥ መደርደሪያዎች ተራ በተራ ተደርምሰው አንዲት ሠራተኛ ሞታለች፣ ሌሎች ስምንት ሰዎችም ተጎድተዋል። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በእንግሊዝ ሽሮፕሻየር አይብ የተከማቸበት መጋዘን ሲደረመስ አንድ የፎርክሊፍት ሾፌር ለስምንት ሰዓት ያህል ከክምሩ ሥር ተቀብሮ ቆይቶ በሕይወት ወጥቷል።

ቋሚውን ብዙ ጊዜ የሚመታው ፎርክሊፍት ነው። ይህ ተሽከርካሪ የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ ሲዞር ጭራው ወደ ውጭ ይወጣል፤ የሾፌሩ ዓይን ደግሞ ያን ጊዜ ከፊት ያለው ሹካ ላይ ነው። ግጭቱ የሚያርፈው ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይል፣ የሁሉም ደረጃ ክብደት የሚጠራቀምበት የቋሚው ታችኛ ክፍል ላይ ነው። ምልክቱን ለማየት ጎንበስ ማለት ይጠይቃል፦ ወለል ላይ የረገፈ የቀለም ቅርፊት፣ ቀለሙ ተገፎ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝ።

በአውሮፓ ለመደርደሪያ ፍተሻ ዋናው መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ኢኤን 15635 የተባለው ደረጃ ነው። ደረጃው በየመጋዘኑ ለመደርደሪያ ደኅንነት ተጠያቂ የሆነ አንድ ሰው በስም እንዲመደብ ያዛል። በየሳምንቱ ወይም እንደ ሥራው ብዛት በሌላ ቋሚ ጊዜ በዓይን ፍተሻ ይደረጋል፣ ቢያንስ በ12 ወር አንድ ጊዜ ደግሞ የሠለጠነ ባለሙያ ሁሉንም ይመረምራል። በእንግሊዝ ሴማ የሚባለው የአምራቾች ማኅበር እንዲህ ዓይነት መርማሪዎችን አሠልጥኖ ዕውቅና ይሰጣቸዋል። ከሁሉም የሚቀድመው ግን ግጭቱን ያየ ወይም ያደረሰ ሰው ወዲያው መናገሩ ነው። የመታ ሾፌር ደመወዙ የሚቆረጥበት መጋዘን ስለ ጉዳቱ የሚሰማው በዓመቱ መርማሪ ሲመጣ ነው፤ ያውም መደርደሪያው እስከዚያ ከቆመ።

መርማሪው የሚይዘው መሣሪያ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ዘንግ የተጎዳው ቦታ መካከሉ ላይ እንዲሆን አድርጎ ከቋሚው ጋር ያስጠጋል፣ ከዚያ በዘንጉና በብረቱ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት ይለካል። ቋሚው ወደ አግዳሚው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ጎን፣ ከጎበጠ የሚፈቀደው 5 ሚሊ ሜትር ነው። ከፊት ወደ ኋላ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ። ለሰያፍ ብረቶች 10 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል። በሥራ ላይ ይበልጥ የሚያሳስበው 3ቱ ነው፤ ከመተላለፊያው የመጣ ፎርክሊፍት ቋሚውን የሚገፋው ወደዚያው ወደ ኋላ ነውና።

ውጤቱ በሦስት ቀለም ይመደባል። ከልኩ ያላለፈው አረንጓዴ ነው፤ ይመዘገብና በሚቀጥለው ፍተሻ እንደገና ይታያል። ከልኩ አልፎ እጥፍ ያልደረሰው ቢጫ ነው፤ ያለው ጭነት ወዲያው ባይወርድም፣ ፓሌቶቹ አንዴ ከተነሡ በኋላ እስኪጠገን አዲስ አይጫንበትም። እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነው ቀይ ነው፤ ክፍሉ ወዲያው ይራገፋል፣ ማንም እንዳይጠቀምበትም ይታጠራል። በእንግሊዝ አሠራር ቢጫው በአራት ሳምንት ካልተጠገነ ቀይ ይሆናል። የተቀደደ ላሜራ ወይም የተሰነጠቀ ብየዳ ግን በዘንጉ የሚዳኝ ጉዳት አይደለም፤ መለወጥ አለበት።

ከቋሚው ቀጥሎ የሚታየው መቆለፊያ ፒኑ ነው። ፎርክሊፍት ፓሌት ሲያነሣ ሹካው ከላይ ያለውን አግዳሚ ነክቶ ሽቅብ ሊገፋው ይችላል፤ ፒን ከሌለ አግዳሚው ከቀዳዳው ይወጣና ዕቃውን ይዞ ይወርዳል። በአውሮፓ ደረጃ መቆለፊያው 5 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም የ500 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል መቋቋም አለበት። በፒኑ ፋንታ ሚስማር መሰካት ወይም ሽቦ ማሰር ይህን አያደርግም። አግዳሚው ራሱ ሲጫን ከርዝመቱ አንድ ሁለት መቶኛ በላይ መርገብ የለበትም፤ 2.7 ሜትር ለሆነ አግዳሚ ይህ 13.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዕቃው ከወረደ በኋላ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ይለወጣል። የላሉ የእግር ቡሎኖችና የተሰበሩ ፓሌቶችም በዚሁ ዙር ይታያሉ።

ብዙ መጋዘን ችላ የሚለው የጭነት ልክ ሰሌዳውን ነው። ሰሌዳው የአንድ ፓሌትን፣ የአንድ ደረጃንና የአንድ ክፍልን ከፍተኛ ክብደት ይናገራል፤ እውነት የሚሆነውም አግዳሚዎቹ በተተከሉበት ከፍታ ላይ እስካሉ ብቻ ነው። ረዘም ያለ ዕቃ መጣ ተብሎ የታችኛው አግዳሚ ቢነሣ የቋሚው ያልተደገፈ ቁመት ይጨምራል። ቀጭን ዓምድ ሳይጎብጥ የሚችለው ክብደት ደግሞ በቁመቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከፍታ ከመቀየሩ በፊት አምራቹ ወይም መሐንዲስ ስሌቱን መሥራት፣ ሰሌዳውም መቀየር አለበት።

ጥገና ሲባል የተጎዳውን አካል በአዲስ መለወጥ ማለት ነው፤ ያውም ክፍሉ ከተራገፈ በኋላ፣ ከዚያው አምራችና ከዚያው ሞዴል በመጣ ዕቃ። አምራቹ ባልፈቀደው መንገድ ቋሚን በመዶሻ ማቃናት፣ በእሳት ማሞቅ ወይም በላዩ ላይ ላሜራ መበየድ ለዓይን ደኅና የሚመስል፣ አቅሙን ግን ማንም የማያውቀው ብረት ያተርፋል። ዳግም እንዳይመታ በየማዕዘኑና በየመተላለፊያው ጫፍ መከላከያ ይተከላል፤ የአውሮፓ ደረጃ ለዚህ ቢያንስ 400 ሚሊ ሜትር ቁመት ይጠይቃል። መከላከያው ከቋሚው ጋር ተጣብቆ መቆም የለበትም፤ ተመቶ ሲገባ ቋሚውን እንዳይነካ ክፍተት ያስፈልገዋል።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ መጋዘንም የሥራ ቦታ ነው። አዲስም ሆነ ያገለገለ መደርደሪያ የሚገዛ ድርጅት ሻጩን ከዋጋው በፊት የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና የጭነት ሠንጠረዡን ይጠይቅ። ይህ ወረቀት የሌለው መደርደሪያ፣ ስሌቱን የሚሠራለት መሐንዲስ ካልተገኘ በቀር፣ ፓሌት ሊጫንበት አይገባም።