ዲስክ ሲታመም ማን ይሰማዋል? ከስቶክሆልሙ የ2011 መስተጓጎል በስተጀርባ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2011፣ ዕለተ ዓርብ፣ በስዊድን ለበርካታ ተቋማት የኮምፒውተር አገልግሎት በሚሰጠው ቲዬቶ ኩባንያ ውስጥ አንድ የመረጃ ማከማቻ በሃርድዌር ብልሽት ተሰናከለ። መዘዙ ግን ከኩባንያው ግቢ አልፎ ወደ 50 የሚጠጉ ደንበኞችን አዳረሰ። አፖቴኬት የተባለው የመድኃኒት መደብሮች ድርጅት ደንበኞቹን እንደ ወትሮው ማስተናገድ ተሳነው፤ ተሽከርካሪ የሚመረምረው ቢልፕሮቭኒንገን ወደ ብዕርና ወረቀት ተመለሰ፤ ከስቶክሆልም መሐል በስተምሥራቅ የምትገኘው የናካ ማዘጋጃ ቤትም የዕለት ሥራዋ ተስተጓጎለ። ለአንዳንዶቹ ችግሩ ሳምንታት ፈጀ። በወቅቱ ኤምኤስቢ በሚል ምህጻር ይታወቅ የነበረው የአገሪቱ የአደጋ ዝግጁነት መሥሪያ ቤት በ2012 ስለ ጉዳዩ ጥናት አውጥቷል።

ጠላፊ አልነበረም፤ የተበላሸው ዕቃ ነው። ታዲያ ማከማቻዎች በብዙ ዲስክ የሚሠሩት አንዱ ቢወድቅ መረጃው እንዳይጠፋ አልነበረምን?

ነበር። «ሬይድ» የሚለውን ስያሜ በ1988 ያስተዋወቁት በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ናቸው። አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት፦ ሦስት ዲስኮች 3፣ 5 እና 4 የሚሉ ቁጥሮችን ቢይዙ አራተኛው ድምራቸውን 12ን ይይዛል። 5ን የያዘው ቢቃጠል፣ ከ12 ላይ 3 እና 4 ሲቀነሱ የጠፋው ይገኛል።

አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ብልሃት ነው። አንድ ዲስክ ወድቆም ሥራው ስለሚቀጥል ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም። የሚናገረው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው፤ በሰርቨሩ ፊት የምትበራ ቢጫ መብራት፣ ወይም ማንም ያልከፈተው ኢሜይል።

ስለዚህ ባለሙያው ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ከፍቶ ራሱ ይጠይቃል። በሊኑክስ ላይ «ኤምዲስታት» የተባለው ፋይል ሲነበብ ጤነኛው ዲስክ በ«ዩ» ፊደል፣ የወደቀው በአንዲት የግርጌ ጭረት ይታያል። በዜድኤፍኤስ ማከማቻ «ዚፑል ስታተስ» የሚለው ትዕዛዝ ስብስቡ ደህና መሆኑን ወይም መዳከሙን ይነግራል። «ስማርትሲቲኤል» ደግሞ የእያንዳንዱን ዲስክ የጤና መዝገብ ያወጣል፤ ከዚያ ውስጥ በምትክ የተተኩና ለመነበብ ያስቸገሩ ክፍሎች ቁጥር ማደግ ከጀመረ ዲስኩ ሳይሞት በፊት መቀየሩ ይመረጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥንቃቄ ነው። ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት በስክሪኑ ላይ የታየው መለያ ቁጥር በዲስኩ ላይ ከተለጠፈው ጋር መመሳሰል አለበት። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር መጻፍ ያስፈልጋልን? ያስፈልጋል፤ አንድ ዲስክ ብቻ ሲወድቅ እንዲተርፍ በተሠራ ስብስብ ውስጥ በስሕተት ጤነኛውን መንቀል ሁለተኛ ውድቀት ነው፤ ማከማቻው ይቆማል።

አዲሱ ዲስክ ሲገባ መልሶ ግንባታው ይጀምራል። 18 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ሳያቋርጥ ቢጻፍበት እንኳ 25 ሰዓት ይወስዳል፤ ማከማቻው ሥራ ላይ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። በዚህ ጊዜ የተረፉት ዲስኮች ከዳር እስከ ዳር ይነበባሉ። በአንድ ወቅት የተገዙ፣ እኩል ያረጁ ከሆኑ ሌላው የሚታመምበት ሰዓት ይኸው ሊሆን ይችላል። ሁለት ዲስኮች ቢወድቁ የሚችለው «ሬይድ 6» ተመራጭ የሆነውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ «ሬይድ» የመጠባበቂያ ቅጂ ምትክ አይደለም። በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ከሁሉም ዲስኮች እኩል ይሰረዛል፤ ዲስኮቹን የሚያዝዘው መቆጣጠሪያ ቢበላሽም ጤነኛ ዲስኮች ብቻቸውን አያድኑም። ቅጂው በሌላ ማሽን፣ ቢቻል በሌላ ሕንፃ መቀመጥ ይኖርበታል።

ማስጠንቀቂያው ራሱስ ይሠራል? «ኤምዲአድም» የተባለው የሊኑክስ መሣሪያ በክትትል ስልቱ የሙከራ መልእክት እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል። ለእያንዳንዱ ስብስብ አንዳንድ ኢሜይል መድረስ አለበት። ካልደረሰ፣ መጀመሪያ የሚጠገነው ዲስኩ ሳይሆን የኢሜይል አድራሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ሠራተኛ ስም ጋር እንደተጻፈ ይገኛል።