ራዲያተር የት ይቀመጥ? በአየር የሚቀዘቅዝ ቫን ወደ ውሃ ማቀዝቀዣ ሲለወጥ የሚነሡ የሙቀትና የአየር ፍሰት ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በ1950 ማምረት የተጀመረው ታይፕ 2 የተባለው የቮልስዋገን ቫን ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠና በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር። እንዲህ ያለው ሞተር ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕና የውሃ ቱቦ አያስፈልገውም፤ ሙቀቱን በሲሊንደሮቹ ክንፎችና በዘይቱ አማካይነት በቀጥታ ለአየር ያስረክባል። ይሁን እንጂ የጭስ ልቀት ደንቦች እየጠበቁ፣ የነባሩ ሞተር መለዋወጫም እየተወደደ በመሄዱ፣ የእነዚህ ቫኖች ባለንብረቶች በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ማስገባትን እንደ አማራጭ ሲከተሉት ይታያል። በዚህ ሥራ ውስጥ ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ ጋር ማገናኘት ከባድ መስሎ ቢታይም፣ ብዙውን ጊዜ የለውጡን ውጤት የሚወስነው የራዲያተሩ አቀማመጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የአቀማመጡን ጥያቄ ከሙቀት ሚዛን፣ ከአየር ግፊት ልዩነትና ከውሃው ዝውውር አንጻር ይመረምራል።

የፋብሪካው መልስ

አምራቹ ራሱ ይህን ችግር ከአንድ ጊዜ በላይ ፈትቶታል። በ1979 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ፣ ማለትም ቲ3፣ መጀመሪያ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ቀርቦ በ1982 በውሃ የሚቀዘቅዝ ቦክሰር ሞተር ተገጥሞለታል። ሞተሩ ከኋላ እንዳለ ቢቀርም ራዲያተሩ ከፊት ተቀምጦ ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ከወለሉ ሥር እንዲያገናኟቸው ተደርጓል። በብራዚል ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ኮምቢ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ሲመረት ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ 1.4 ሊትር በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ተሰጥቶታል፤ ምርቱም በ2013 እስከሚያበቃ ድረስ በዚሁ ቀጥሏል። የዚህ የመጨረሻው ኮምቢ መለያ በአፍንጫው ላይ ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ፍርግርግ ነው። ፋብሪካው የቫኑን የታወቀ መልክ መስዋዕት አድርጎ ራዲያተሩን ከፊት ማስቀመጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ ከሙቀት ስሌቱ ይገኛል።

የሙቀቱ መጠን

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከነዳጁ የሚገኘው ኃይል በግምት ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ አንድ ሦስተኛው ሥራ ይሠራል፣ አንድ ሦስተኛው በጭስ ይወጣል፣ አንድ ሦስተኛው ወደ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይገባል። ስለዚህ 30 ኪሎዋት እያመነጨ በቋሚነት የሚጓዝ ሞተር ወደ 30 ኪሎዋት የሚጠጋ ሙቀት በራዲያተሩ በኩል ማስወገድ ይኖርበታል ማለት ነው።

ውሃው ይህን ሙቀት ለመሸከም አይቸገርም። በሴኮንድ 1 ሊትር ውሃ ቢዘዋወር በራዲያተሩ መግቢያና መውጫ መካከል የሚታየው የሙቀት ልዩነት 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ግን ሌላ ነገር ነው። አየሩ በራዲያተሩ ሲያልፍ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ይጨምራል ቢባል፣ 30 ኪሎዋት ለመውሰድ በየሴኮንዱ 1 ኪሎግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ በባሕር ጠለል ከፍታ 0.85 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። እንግዲህ የአቀማመጡ ጥያቄ «ራዲያተሩ የት ይገባል?» ከሚለው ይልቅ «ይህን ያህል አየር ከየት ገብቶ በየት ይወጣል?» የሚል ይሆናል።

ሦስት አማራጮች

አየር በራዲያተር ውስጥ የሚያልፈው በፊቱና በጀርባው መካከል የግፊት ልዩነት ሲኖር ነው። ቫን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በአፍንጫው ላይ የሚፈጠረው የንፋስ ግፊት በባሕር ጠለል ከፍታ ወደ 460 ፓስካል ይደርሳል። ግፊቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚለዋወጥ በ50 ኪሎ ሜትር ወደ ሩቡ፣ ማለትም ወደ 115 ፓስካል ይወርዳል፤ በ30 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ45 ፓስካል አይበልጥም።

የመጀመሪያው አማራጭ የፊት ለፊት አቀማመጥ ነው። አየሩ ከፍተኛ ግፊት ካለበት አፍንጫ ገብቶ ዝቅተኛ ግፊት ወዳለበት የወለል ሥር ይወጣል። በማቀዝቀዝ ረገድ የሚወዳደረው የለም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ የፊቱ ብረት ይቆረጣል፣ የቫኑ ታሪካዊ ገጽታም ይለወጣል። ከዚህም በላይ በዚህ ዓይነት ቫን የሾፌሩና የተሳፋሪው እግሮች ከፊቱ ብረት ጀርባ ወዲያውኑ የሚገኙ ስለሆኑ፣ የተቆረጠውን ክፍል በድጋፍ ብረት ማጠናከርና በግፊት ላይ ያለ ትኩስ ውሃ የሚያልፍባቸውን ቱቦዎች ከእግር ማሳረፊያው ውጭ ማሳለፍ የደኅንነት ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ራዲያተሩን ከወለሉ ሥር አጋድሞ ማስቀመጥ ነው። የቫኑ መልክ አይነካም፤ ነገር ግን በወለሉ ሥር የሚያልፈው አየር የተረበሸ ነው፤ ከራዲያተሩ በላይና በታች ያለው የግፊት ልዩነትም አነስተኛ ነው። አየሩን የሚመራ መከለያ ካልተሠራለት አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ ከማለፍ ይልቅ በሥሩ አልፎ ይሄዳል። ድንጋይና ጭቃም ክንፎቹን ይጎዳሉ፣ ይደፍናሉ። ሦስተኛው አማራጭ በኋላ የሞተር ክፍል አጠገብ ማስቀመጥ ሲሆን፣ ቱቦዎቹን ቢያሳጥርም ከሞተሩና ከጭስ ማውጫው የሞቀውን አየር መልሶ የመሳብ አደጋ አለበት። በሁለተኛውና በሦስተኛው አማራጭ ማቀዝቀዙ በአብዛኛው በኤሌክትሪክ ማራገቢያው ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

የትኛውም ቢመረጥ አንድ ሕግ አይቀየርም፦ በራዲያተሩ ጠርዝና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት በሙሉ መደፈን አለበት። ካልተደፈነ የሞቀው አየር ከጀርባ ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል፤ ራዲያተሩም የራሱን ትኩስ አየር ደጋግሞ ይጠቀማል። ትልቅ ራዲያተር መግዛት ይህን ጉድለት አያካክሰውም።

ረጅሙ ቱቦ

ራዲያተሩ ከፊት ሲሆን በሄደውና በተመለሰው ቱቦ ጠቅላላ ርዝመቱ 6 ሜትር ያህል ይሆናል። የውስጥ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው ብቻውን 4.8 ሊትር ይይዛል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ 19 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቢገባ፣ ለተመሳሳይ ፍሰት የሚባክነው ግፊት ወደ 13 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ከዚህም የተነሣ በፓምፑ መሳቢያ በኩል ግፊቱ ወርዶ ለስላሳ የጎማ ቱቦ ሊጣበቅ፣ ውሃውም በፓምፑ ውስጥ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ረጅሙ ክፍል የማይዝግ የብረት ቱቦ ሆኖ ጎማው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ቢቀር ይመረጣል። የብረቱ ጫፍ ፋሼታው እንዳያመልጥ ጠርዝ ሊወጣለት፣ ቱቦውም ከሻንሲው ጋር በሚነካካበት ቦታ ጎማ ሊደረግለት ይገባል።

ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ3.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጠቅላላ ይዘቱ 15 ሊትር በሆነ ሥርዓት ይህ ግማሽ ሊትር ነው፤ የማስፋፊያው ጋን ይህን ከነትርፉ መያዝ አለበት።

የቱቦው ቅርጽም ሌላ ችግር ያመጣል። ቱቦው ከሞተሩ ወርዶ በወለሉ ሥር ከተጓዘ በኋላ ወደ ራዲያተሩ አናት ስለሚወጣ፣ አየር በሁለቱም ጫፎች ይታጎራል። በቲ3 ላይ የሚሠራበት ዘዴ መልሱን ያሳያል፤ የመኪናው ፊት ከፍ ተደርጎ፣ በራዲያተሩ አናት ላይ ያለው የአየር ማስወጫ ቡሎን ተከፍቶ ሞተሩ እየሠራ ውሃ ይሞላል። በለውጥ ሥራ የሚገጠም ራዲያተርም እንዲህ ያለ መውጫ በአናቱ ላይ ሊኖረው ይገባል።

የታጎረ አየር ከሁሉ የሚከፋው መለኪያውን ስለሚያሳስት ነው። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ከውሃ ወጥቶ በአየር ውስጥ ከቀረ፣ ቴስታታው እየጋለ ሳለ መርፌው ጸጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ሾፌሩ ከሞተሩ ርቆ ከፊት ስለሚቀመጥ እንፋሎቱን አያይም። የሚያውቀው ቴስታታው ከተጣመመ፣ ጓርኒሲዮኑም ከተቃጠለ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሙቀት መለኪያው በተጨማሪ በጋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲጎድል የሚያስጠነቅቅ መብራት መግጠም ከቅንጦት አይቆጠርም።

የደጋ ከፍታ የሚጨምረው ጫና

ከላይ የቀረቡት አኃዞች ለባሕር ጠለል ከፍታ የተሰሉ ናቸው። 2,300 ሜትር ከፍታን በምታልፈው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ለ1 ኪሎግራም አየር 0.85 ሜትር ኩብ መሆኑ ቀርቶ 1.1 ሜትር ኩብ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍተኛ ጉልበቱ በዚያው መጠን ስለሚቀንስ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ጫናው በከፊል ይካካሳል፤ ይሁንና ለተመሳሳይ ጭነትና ለተመሳሳይ ዳገት የሚያስፈልገው ሥራ አይቀንስም።

የውሃው መፍያ ነጥብም ይወርዳል። በአዲስ አበባ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 1 ባር የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 116 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ ሲያረጅና ግፊት መያዝ ሲያቅተው ግን አደጋው ግልጽ ነው፤ ማራገቢያው በ95 ዲግሪ እንዲነሣ ተደርጎ ከተገጠመ፣ ንጹሕ ውሃው ማራገቢያው ከመነሣቱ በፊት ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ምንም ስሕተት የሌለበት አሠራር በደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ማራገቢያው ቀደም ብሎ እንዲነሣ ማድረግና ክዳኑን በየጊዜው መፈተሽ ይገባል። ውርጭ ባይሠጋም እንኳ ዝገት የሚከላከል ቅመም ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ የአሉሚኒየም ራዲያተር በንጹሕ ውሃ ብቻ ብዙ አይቆይም።

ከሁሉ የሚከብደው ሁኔታ ፈጣን ጉዞ ሳይሆን ዘገምተኛ ዳገት ነው። 2,000 ኪሎግራም የሚመዝን ቫን 6 በመቶ ተዳፋት ያለውን ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲወጣ ለመውጣትና ለጎማ ሰበቃ ብቻ 12 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ ማቀዝቀዣው የሚገባውን ሙቀት 15 ኪሎዋት ብሎ መገመት ይቻላል። በዚያ ፍጥነት የንፋሱ ግፊት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ከሚያስፈልገው 0.55 ሜትር ኩብ አየር በሴኮንድ አብዛኛውን ማቅረብ ያለበት ማራገቢያው ነው። እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚያስወጣ መንገድ ይህን ጫና ያለ እረፍት ያራዝመዋል።

መፈተኛው

አንድ ለውጥ ተሳክቷል የሚባለው ጠፍጣፋ መንገድ ላይ መርፌው ስላልተነሣ አይደለም። ቫኑ ተጭኖ፣ በቀትር፣ ረጅም ዳገት በዝግታ እየወጣ መለካት አለበት፤ የውሃው መግቢያና መውጫ፣ እንዲሁም ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር ሙቀት ይመዘገባል። የውሃው ልዩነት ከ15 ዲግሪ በላይ ከሆነ የውሃው ዝውውር ደካማ ነው፤ ቱቦው፣ ፓምፑና ቴርሞስታቱ ይመረመራሉ። የውሃው ልዩነት አነስተኛ ሆኖ የሚወጣው አየር ከውሃው ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ካለው የጎደለው አየር ነው፤ መከለያው፣ መውጫውና ማራገቢያው ይታያሉ። ሁለቱም ደኅና ሆነው ሙቀቱ መጨመሩን ካላቆመ ብቻ ነው ራዲያተሩ አነስተኛ ነው ወይም ተደፍኗል ማለት የሚቻለው። ይህን ቅደም ተከተል ሳይከተሉ ራዲያተር መለወጥ፣ ቫኑንም ደጋግሞ መቁረጥ፣ ወጪ ከማብዛቱም በላይ ዳግም የማይመለስን ነባር አካል ያሳጣል።