በመብረቅ መከላከያው ሆድ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት

ከከተማ ወጣ ሲሉ በየሸንተረሩ የተተከሉትን የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ማማዎች አሻቅበው ይመልከቱ። ከኃይል ተሸካሚዎቹ በላይ፣ ማማው ጫፍ ላይ፣ ቀጠን ያለ ሽቦ ያያሉ። ሥራው መብረቅ ሲወርድ ቀድሞ ተቀብሎ በማማው በኩል ወደ መሬት መስደድ ነው። በብዙ መስመሮች ላይ ግን ሆዱ ባዶ አይደለም፤ በውስጡ ባለ የብረት ቱቦ ውስጥ የፋይበር ኦፕቲክ ክሮች ተቀምጠዋል። ባለሙያዎች ኦፒጂደብሊው ይሉታል።

ከመቶ ሺዎች ቮልት አጠገብ የስልክና የኢንተርኔት መልእክት እንዴት ሳይረበሽ ያልፋል? የመዳብ ሽቦ ቢሆን ኖሮ በዙሪያው ያለው የኤሌክትሪክና የማግኔት መስክ ያውከው ነበር። በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው ግን ብርሃን ነው፤ መስታወትም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብርሃኑ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ድካም ግን አያጣውም፦ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ከተላከው የሚተርፈው 1 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ማጉያ ይፈልጋል፤ ማጉያው ደግሞ ቤት፣ ጥበቃና መብራት ይሻል። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ሦስቱም አሏቸው።

የኤሌክትሪክ ድርጅት ፋይበሩን የሚዘረጋው በመጀመሪያ ለራሱ ነው። መስመር ላይ ብልሽት ሲደርስ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጣቢያዎች ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ተነጋግረው ኃይሉን መቁረጥ አለባቸው። ለዚህ ጥቂት ክሮች ይበቃሉ፤ አንዱ ሽቦ ግን 24 ወይም 48 ክር ሊይዝ ይችላል። ትርፉ ሥራ ፈት ነው። አዲስ መስመር ለሚዘረጋ የቴሌኮም ኩባንያ ደግሞ ዋናው ወጪ መስታወቱ አይደለም፤ ቁፋሮው፣ የመሬት ካሳውና ፈቃዱ ነው እንጂ። በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ፋይበር መከራየቱ የሚያስገርም አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ክሩ ሲበጠስ ነው። ለጥገና ማማው ጫፍ ድረስ መውጣት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም መስመሩ ኃይሉ ይቋረጥበታል። ኤሌክትሪክ የሚቋረጥበትን ሰዓት የሚወስነው ባለንብረቱ እንጂ ተከራዩ አይደለም። ማማው ከወደቀ ደግሞ መብራቱም ኢንተርኔቱም አብረው ይጠፋሉ። በእኔ እምነት ከኪራዩ ዋጋ በፊት መደራደር የሚገባው በጥገናው ሰዓት ላይ ነው። ሁለት ኩባንያዎች ከአንድ ሽቦ ቢከራዩም ተፎካካሪ ሆኑ እንጂ አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ አልሆነም፤ መጠባበቂያ የሚባለው በሌላ መንገድ የሚያልፍ ሁለተኛ መስመር ብቻ ነው።