ቆዳውን ማን አለፋው?

ከአንኮበር ገደል ሥር ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርዱት ሸንተረሮች ላይ ቁጥቋጦ የዋጣቸው የድንጋይ ከተሞች አሉ። የአካባቢው የአርጎባ ሕዝብ ድሮም ያውቃቸዋል። ምሁራን ግን በወጉ ያጠኗቸው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ነው። ፈረንሳውያኑ ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ሂርሽ የመሩት ቡድን አስባሪን፣ መሳልንና ኖራን እየዞረ ለካ፤ የመስጊዶቹን ግድግዳ ነደፈ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2006 ማሳተም ጀመረ። ቆይቶ በቤሪ ይፋት፣ ይፋትን የገዙት የወላስማ ሱልጣኖች የተቀበሩበት ቦታ ከነድንጋይ ጽሑፉ ታወቀ። በመጽሐፍ ብቻ ስንሰማው የኖርነው የይፋት ሱልጣኔት አድራሻ አገኘ።

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር ጎደለብኝ። ግንቡ አለ፣ ሚህራቡ አለ፣ መቃብሩ አለ፤ ድምፁ የለም። እዚያ የኖሩት ሰዎች ፈጣሪያቸውን ሲያወድሱ በእጃቸው ምን ይዘው ነበር?

ፍንጩን ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1332 ዓፄ ዓምደ ጽዮን ከይፋቱ ሰብረ ዲን ጋር ያደረጉትን ጦርነት የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ ሰብረ ዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደዛተ ይናገራል። ያ ጫት ዛሬም ከሐድራው፣ ከሱፊዎቹ የሌሊት የምስጋና ጉባኤ፣ አልወጣም። ጫቱ ሳይቋረጥ እዚህ ከደረሰ፣ ሐድራው ውስጥ አብሮት ያለው ከበሮ፣ ድቤውም ሊጠየቅ ይገባዋል አልሁ።

በሐድራ ሌሊት መንዙማ አውጪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል፣ ድቤው ዚክሩን ይሸከማል። ምቱ ሲፈጥን ልብም አብሮ ይፈጥናል። ለሱፊው ሰው ይህ ጨዋታ አይደለም፤ ልብን ከዓለም አላቅቆ ወደ አላህ የማቅረቢያ መንገድ ነው። የማይቀበሉት ዑለማዎችም አሉ፤ ክርክሩ ደግሞ ከይፋት ሱልጣኔት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው ኢማም ገዛሊ በታላቁ ሥራው ስለ ዜማና ስለ ተመስጦ ራሱን የቻለ ክፍል ጽፏል። ከበሮን በጅምላ አልከለከለም። የከለከለው አንዱን ዓይነት ነው፦ ኩባ የሚሉትን፣ ወገቡ ቀጭን ሁለት አፉ ሰፊ የሆነውን። ምክንያቱን ሳነብ ቆም አልሁ። ጥፋቱ ከእንጨቱም ከቆዳውም አልነበረም፤ በዘመኑ በሕዝብ ዘንድ የተናቁ ሰዎች መለያ ስለነበር ነው።

ከሮቢት ቆላ ሽቅብ ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ደግሞ ከበሮው በቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማሕሌት ይጠብቃል። ሊቃውንቱ እያንዳንዱን ክፍል ተርጉመውታል። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው። ዙሪያውን የተወጠረው ጠፍር በጌታ ጀርባ ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ነው። ማንገቻው የጎተቱበት ገመድ ነው። ዝግ ብሎ መመታቱ፣ ኋላም መፍጠኑ የሕማሙን ሂደት ይከተላል። መዘምሩ ከበሮውን ሲያነግት ዕለተ ዓርብን አንግቷል።

ገዛሊ ያገለለውን ያንን ወገበ ቀጭን ከበሮ ፍለጋዬ ሕንድ ላይ አገናኘኝ፤ በአምላክ እጅ ውስጥ። በደቡብ ሕንድ በቾላ ነገሥታት ዘመን ከነሐስ የተሠሩት የሺቫ ምስሎች ሲጨፍሩ በላይኛው ቀኝ እጅ ዳማሩ ይይዛሉ። ዳማሩ ትንሽ፣ ሁለት አፍ ያለው፣ መሐሉ የጠበበ ከበሮ ነው። ለሂንዱ አማኝ ፍጥረት የጀመረው ከዚያ ድምፅ ነው። የሳንስክሪት ሰዋስው አባት የሚባለው ፓኒኒ የፊደል ድምፆችን የደረደረባቸው 14ቱ ሐረጎችም ሺቫ ዳማሩውን 14 ጊዜ ሲመታ የወጡ ናቸው ይላል ትውፊቱ። በአንድ አገር የተናቀ ሰው ምልክት የሆነው ቅርጽ በሌላው አገር የፊደል እናት ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ትርጉም ከሰው ይመጣል ብዬ እረካ ነበር። ያላስቆመኝ እዚያው ሕንድ የወጣ አንድ መጽሐፍ ነው። ካርናቲክ የሚባለው የደቡብ ሕንድ ዜማ ስመ ጥር ዘፋኝ ቲ. ኤም. ክሪሽና «ሴባስቲያንና ልጆቹ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመው ሥራ ስለ ምሪዳንጋም ሠሪዎች ነው። ምሪዳንጋም በደቡብ ሕንድ ዜማ የአማልክት ከበሮ ይባላል። ነገር ግን ያለ ላም፣ ያለ ፍየልና ያለ ጎሽ ቆዳ አይሠራም። ላምን እንደ ቅዱስ የሚያከብር ሰው የሚመታውን ቆዳ የሚመርጠው፣ የሚያለፋውና የሚወጥረው ሌላ ሰው ነው፤ ብዙዎቹ ዳሊት፣ ማለትም በሕንድ የዘር ደረጃ ከሁሉ በታች የተደረጉ፣ ክርስቲያኖች ናቸው። መቺው መድረክ ላይ ሲከበር ሠሪው ከደጅ ይቀራል። ካላክሼትራ የተባለው የቼናይ የጥበብ ተቋም ለመጽሐፉ ምረቃ የፈቀደውን አዳራሽ መልሶ ነፈገ።

ወደ ይፋት ስመለስ ጥያቄዬ ተቀይሮ ነበር። በይፋት ክርስቲያንና ሙስሊም አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ የተለፋ ቆዳ ግን በማን ስም እንደታረደ አይናገርም። ድቤው ላይም ከበሮው ላይም ዝም ብሎ ይወጠራል። ያለፋው ሰው ስም ደግሞ ፋቂ ነበር፤ ቃሉ ሙያ መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ ኖሯል። ጠፍሩን አንድ በአንድ የተረጎመው ሊቅ የጠፈረውን እጅ አልተረጎመም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። በዚያ ዘመን አዋጅ የሚነገረው ነጋሪት እየተጎሰመ ነበርና ፋቂን አትስደቡ የሚለው ቃልም ከሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው በተለፋ ቆዳ ነበር።

የይፋትን ግንብ የለኩ ሰዎች የጀመሩትን የሚቀጥል ተመራማሪ ከተነሣ፣ ከሮቢት ዙሪያ ገበያዎች ቢጀምር እመኛለሁ። ቆዳው ከማን ተገዛ? ስንት ቀን ተነከረ? ማን ፋቀው፣ ማን ወጠረው? ያ ሰው በሐድራው ሌሊትና በንግሡ ዕለት የት ይቀመጣል?